ድምፅ የከበደው ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ እግዚአብሔር አምላካችን ሰውን በፈጠረው ጊዜ ዓይንን ለብርሃን፣ አፍንጫን ለመዓዛ፣ ጆሮንም ለድምፅ አዘጋጀለት። ከእነዚህም መካከል ለጆሮ ታላቅ ክብር ሰጠው፤ እምነት የሚገኘው ቃሉን ከመስማት እንደ ሆነ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች አስተምሯልና። ዓይን በሽፋሽፍቱ ይዘጋል፤ አፍም በከንፈር ይገጠማል፤ ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ጆሮው እንደ ደጅ ዘበኛ ነቅቶ ያድራል። እንግዲህ ይህ ዘበኛ ቢታመምና የወዳጁን ድምፅ እንደ ጠላት ድምፅ የሚቈጥር ቢሆን፣ የቤቱ ባለቤት በምን ያለ ጭንቀት እንደሚኖር አስቡ። ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው ስለዚህ ደዌ ነው፤ ይኸውም መስማት ስለ ተሳናቸው ሰዎች ሳይሆን መስማት ስለ በዛባቸው ሰዎች ነው።

የሐረርን ከተማ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ሕዝቡን፣ ገበያውንና ጸሎቱን በአንድ ቅጥር ሰብስቦ ይዟል። ከተማዪቱ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበች ጊዜ በውስጧ 82 መስጊዶች መኖራቸው ተጽፏል፤ በፈረስ መጋላም ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ስለዚህ ገና ጎሕ ሳይቀድ የአዛኑ ጥሪ፣ የደወሉ ድምፅና የቅዳሴው ዜማ በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ይገናኛሉ። ፀሐይ ሲወጣ የባጃጁ ጥሩንባና የነጋዴው ጥሪ ይተካሉ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲዘልቁም መንገዱ ራሱ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው፤ ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጩኸት የተነሣ «መኪና ግርግር» ይባላል። ሲመሽ ደግሞ የጅቡ ድምፅ ከግንቡ ሥር ይሰማል። ለብዙው ሰው ይህ ሁሉ የኑሮ ድምፅ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን የቀን ተቀን መከራ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ በደል ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን እናዘዛለሁ። በዚህችው ከተማ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንደኛው ሳገለግል፣ በመኪና ግርግር ልብስ እየሰፉ የሚኖሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ምእመን ነበሩ። በበዓላት ሌሊት ወደ ማኅሌት ይመጣሉ፤ ነገር ግን ከበሮው መመታት በጀመረ ጊዜ ፊታቸው ይለወጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ጫማቸውንም ሳያስተካክሉ ከደጀ ሰላሙ ይወጣሉ። ይህን ሁለትና ሦስት ጊዜ ካየሁ በኋላ አንድ ቀን በሰው ፊት ጠራኋቸውና፣ «እርስዎ ቀኑን ሙሉ ከብረት ጩኸት ጋር ተቀምጠው ይውላሉ፤ የእግዚአብሔር ከበሮ ሲመታ ግን ይሸሻሉ። ይህ ከእርስዎ አይደለም፤ ያደረብዎትን ይመርምሩ» አልኋቸው። ሰውየው ምንም ሳይመልሱ እጅ ነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በቤተ ክርስቲያን አልታዩም። ጎረቤቱም የካህኑን ቃል ሰምቷልና፣ «ከበሮ የሚፈራ መንፈስ አለባቸው» እያለ ያወራ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸው ወደ እኔ መጡ። «አባታችን፤ በቤታችን ሰው በእግሩ ጣት ነው የሚሄደው። የልጅ ልጃችን ሳህን ከእጁ ቢወድቅበት አያቱ ቆጡት፤ ሕፃኑም ከዚያ ወዲህ አጠገባቸው አይደርስም። እርሳቸውም ሌሊት ያለቅሳሉ። መንፈስ ከሆነ አስወጡልን፤ ካልሆነም ንገሩን» አሉኝ። በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሰውየው ተቀብለውኝ ከተቀመጥን በኋላ ያን የጥንቱን ነገር አነሣሁባቸው። እርሳቸውም እንዲህ አሉኝ፤ «አባቴ፤ መኪናውን የማሽከረክረው እኔ ነኝ፤ እግሬን ሳነሣ ዝም ይላል። ከበሮው ግን ሳላስበው ይመጣብኛል። በመጣብኝም ጊዜ እኔ በቤተ ክርስቲያን አይደለሁም፤ በምሽግ ውስጥ ነኝ።» በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከተያዘች በኋላ ጦርነቱ እስከ ሐረር አቅራቢያ መድረሱን የዕድሜ ባለጸጎች ሁሉ ያስታውሳሉ። እኒህ ሰው በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወታደር ነበሩ። እኔ ጋኔን ነው ብዬ የፈረድሁበት ነገር፣ ከሰውየው ልብ ያልወጣ የመድፍ ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ ከዚህ በደል የተማርሁትን ለእናንተ ማካፈል ይገባኛል። ድምፅ የሚከብደው ሰው ባገኘን ጊዜ አስቀድመን ምክንያቱን እንመርምር፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና።

የመጀመሪያው ምክንያት የሥጋ ሕመም ነው። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ሲመታ በውስጥ ያሉት ሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ፈጣሪ በጥበቡ ከሦስቱ በምታንሰው አጥንት ላይ አንዲት ቀጭን ጡንቻ አስሮባታል፤ ይህችም ኃይለኛ ድምፅ በመጣ ጊዜ አጥንቷን ስባ ትይዛታለች። የፊት ነርቭ በተመታ ጊዜ ይህች ጡንቻ ስለምትሰንፍ፣ ለሌላው ሰው ልከኛ የሆነው ድምፅ ለበሽተኛው እንደ ነጐድጓድ ይሆንበታል። እንዲሁም ራሱን የተመታ፣ ለብዙ ዘመን በብርቱ ጩኸት ውስጥ የሠራ፣ ወይም ከባድ የራስ ምታት የሚመላለስበት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊያገኘው ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ሃይፐራኩሲስ ይሉታል። ሌላም አለ፤ ድምፁ ትንሽ ሆኖ ሳለ፣ ይኸውም የሰው ማላመጥ፣ አፍንጫ መሳብ ወይም የጣት መንኳኳት፣ ሰሚውን ሊቋቋመው በማይችለው ቍጣና ጭንቀት የሚያስጨንቅ ነው። ለዚህም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2001 ሚሶፎንያ የሚል ስም ሰጥተውታል። ስም መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስም የሌለው ሕመም «ክፉ ጠባይ» ተብሎ ሲሰደብ ይኖራልና።

ሁለተኛው ምክንያት የልብ ቍስል ነው። ጦርነት፣ ድንገተኛ ሞት ወይም የጨካኝ አሳዳጊ ጩኸት በልብ ላይ ተቀርጾ ይቀራል፤ ከዚያም ያን የሚመስል ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሥጋ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እስራኤል በደብረ ሲና ነጐድጓዱንና የቀንደ መለከቱን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ፈርተው በሩቅ ቆሙ፤ እግዚአብሔር ራሱ እንዳይናገራቸውና ሙሴ እንዲናገራቸውም ለመኑ። አስተውሉ፤ በግብፅ በአስገባሪዎች ጩኸት ያደገ ሕዝብ ነበር። እግዚአብሔርም ስለ ፍርሃታቸው አላጠፋቸውም፤ በሙሴ አንደበት በኩል ሊሸከሙት በሚችሉት መጠን ተናገራቸው።

ሦስተኛው ምክንያት ከፈቃደ ሥጋ የሚመጣ ነው፤ ይህንም ልንሸሽገው አይገባም። ሳኦል በክፉ መንፈስ በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገናውን ሲደረድርለት ዕረፍት ያገኝ ነበር። ነገር ግን ሴቶች ዳዊትን ከእርሱ አብልጠው ሲዘፍኑ ከሰማ በኋላ ቅናት በልቡ ገባ፤ በማግሥቱም ያው በገና በሚደረደርበት ሰዓት ጦሩን በደርዳሪው ላይ ወረወረ። በገናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ልብ ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ ድምፅ ሲያስቈጣኝ «ጆሮዬ ታሞ ነውን? ወይስ ጎረቤቴን ስለ ጠላሁት ነው?» ብዬ ራሴን መጠየቅ ይገባኛል። ይህን ጥያቄ ግን እኔ ለራሴ እጠይቀዋለሁ እንጂ በሌላው ላይ እንደ ድንጋይ አልወረውረውም።

«እንግዲህ ርኩስ መንፈስ የለምን?» የሚል ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያናችን መንፈስ ርኩስ መኖሩን አትክድም፤ ጌታም ለሐዋርያቱ ያወጡት ዘንድ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ወንጌላውያን ድውዩን ከጋኔን ያደረበት ለይተው ጽፈውልናል፤ እኛም ሁለቱን መቀላቀል አይገባንም። ደግሞም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኀጢአቱ የእርሱ ወይስ የወላጆቹ እንደ ሆነ ጌታን በጠየቁት ጊዜ ሁለቱንም አላለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ ይገለጥበት ዘንድ መሆኑን ነገራቸው። ከበሮ ሲመታ መሸሽ ብቻውን የጋኔን ምልክት አይሆንም። በዚህ ፈርደን አንድን በሽተኛ ብናስረው ወይም በሕዝብ ፊት ብናሳፍረው፣ የሠራነው ሥራ የወንጌል ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ፈውሱ እንመለስ። ፈውስ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን የሚመጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ መድኀኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነና ሐኪምም በቦታው ሊከበር እንደሚገባው ያስተምራል። በዘመናችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ከጸበሉ ጋር መድኀኒታቸውን እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማያስቀር በግልጥ መክረዋል። ያ ምክር ለአንድ ደዌ ብቻ የተሰጠ አድርገን አንቍጠረው። ድምፅ የከበደው ሰው ጸበሉን ይጠመቅ፣ ይጸልይ፣ ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር፤ ደግሞም ጆሮውን ለሐኪም ያሳይ፣ ልቡም የቈሰለ እንደ ሆነ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ካህኑም ይህን ሲመክር የሥልጣኑን ክብር ይቀንሳል ብሎ አይፍራ።

በዚህ ሕመም የሕክምናው ምክርና የአባቶች ትምህርት የሚገናኙበት አንድ ድንቅ ነገር አለ። አባ አርሳንዮስ በግብፅ በረሃ ነፋስ ሸምበቆ የሚያናውጥበት ቦታ ደርሶ በዚያ ያሉትን መነኮሳት ወቀሳቸው፤ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው የወፍ ድምፅ እንኳ ቢሰማ የልቡ ጸጥታ ይናወጣል፤ ይልቁንስ የሸምበቆ ሹክሹክታ ያለባችሁ እናንተ እንዴት ታርፋላችሁ ሲል ነበር። ይህም ጸጥታ ለነፍስ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ያሳያል። ነገር ግን አባ ጴሜንን ወንድሙ የሕፃናት ልቅሶ ስላወከው ከቦታው እንሂድ ባለው ጊዜ፣ የመላእክትን ድምፅ ሸሽተህ ልትሄድ ነውን ብሎ ጠየቀው። ከሁለቱ አባቶች አንዱን ይዘን ሌላውን አንጣል። ሐኪሞችም እንዲሁ ይላሉ፤ ብርቱ ጩኸት ጆሮን ይጎዳልና ራስን መጠበቅ ይገባል፤ ነገር ግን ሰው ከቀን እስከ ቀን ጆሮውን ደፍኖ ቢኖር ጆሮው ይባስ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይድንም። ፈውሱ የሚመጣው ድምፅን በልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ያለ ድንጋጤ መልሶ በመልመድ ነው።

አባቶቻችን ይህን በዜማቸው ሥርዓት ውስጥ አኑረውልን ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሁሉ በማኅሌት ቆሜ አላስተዋልሁትም። የቅዱስ ያሬድ ማኅሌት በከበሮ አይጀምርም። አስቀድሞ ቁም ዜማ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ዘንበል ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ በመረግድ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ድምፁ ወደ ሰሚው የሚቀርበው ደረጃ በደረጃ ነው፤ እንደ ጦር ድንገት የሚጣል አይደለም።

ከእኒያ ሰው ጋር ያደረግነውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ በበደልኋቸው ቦታ፣ በሰዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሄደው ተመረመሩ፤ ጆሯቸው ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ ወደ አእምሮ ሐኪም ተላኩ፤ ሕክምናቸውንም ሳያቋርጡ ቀጠሉ። በእኛም በኩል በአዘቦት ቀን የሚደረገውን ጸጥ ያለ ቅዳሴ ማስቀደስ ጀመሩ። በበዓል ሌሊት ቁም ዜማው እስኪፈጸም ቆመው፣ መሪጌታው አንድ ልጅ ይልኩባቸውና፣ «አባባ፤ አሁን ከበሮ ሊገባ ነው» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ወደ ቅጽሩ ዛፍ ሥር ወጥተው ከዚያ ሆነው ይጸልያሉ። ከወራት በኋላ ዝማሜውን ጨርሰው መውጣት ጀመሩ። በሌላው ዓመት የመጀመሪያው መረግድ ሲመታ አንድ እጃቸውን በግድግዳው ላይ አድርገው ሲቆሙ አየኋቸው። ፈጽመው አልዳኑም፤ በጥምቀት ዕለት ሕዝቡ በሚበዛበት አይወጡም፤ ታኅሣሥ 19 ቀንም ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱት ስለታቸውን በሰው በመላክ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ዛሬ ከሥራቸው አጠገብ ተቀምጦ መኪናውን በእጁ ሲያዞር አይቻለሁ። የላከባቸው ልጅም እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የእኛ ግዴታ ነው። ሐዋርያው ብርቱዎች የሆንን የደካሞችን ድካም እንድንሸከም አዝዞናል፤ እንግዲህ ጆሯችን ብርቱ የሆነ እኛ ጆሮው ለደከመ ወንድማችን ምን አደረግን? መጽሐፈ ምሳሌ በማለዳ ተነሥቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚባርክ ሰው በረከቱ እንደ መርገም እንደሚቈጠርበት ይናገራል። ይህ ቃል ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ተጽፎ ዛሬ እንደ ተጻፈልን ያህል ይወቅሰናል። ትምህርታችን በቅጽራችን ውስጥ ላለው ሕዝብ ከሆነ፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ውስጥ ቢዞር ምን ይጎድልበታል? ሌሊቱን በሙሉ በአጠገባችን የሚኖረው በሽተኛ፣ አራስና ሕፃን፣ ሌላ እምነት ያለው ጎረቤታችንም ቢሆን፣ ድምፃችንን ሲሰማ ክርስቶስን እንዲወድ ነው ወይስ እንዲሸሸው የምናደርገው? ሐኪሞች ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለ8 ሰዓት ያህል በየቀኑ ቢሰማ ጆሮን እንደሚጎዳ ያስተምራሉ። የአገራችንም ሕግ፣ ይኸውም የ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300፣ ጩኸትን ልክ ሊደረግለት ከሚገባው ብክለት ቈጥሮታል። ክርስቲያን ግን ሕግ ሳያስገድደው በፍቅር ሊቀድም ይገባዋል።

ጌታችንን ተመልከቱት። የመኰንኑን ልጅ ሊያስነሣ በገባ ጊዜ ዋሽንት የሚነፉትንና የሚንጫጫውን ሕዝብ አስቀድሞ አስወጣ፤ ከዚያም የብላቴናዪቱን እጅ ያዘ። ደንቆሮውንም በፈወሰ ጊዜ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቱንም በጆሮው አገባ። ለዚያ ሰው ጆሮው ከተከፈተ በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የአዳኙ ድምፅ እንጂ የሕዝቡ ጫጫታ አልነበረም። እርሱ በሽተኛን በጸጥታ የሚቀርብ ከሆነ፣ እኛ አገልጋዮቹ በጩኸት የምንቀርበው ከማን ተምረን ነው?

ሕሙማን ሆይ፤ እናንተም በዚህ ሕመም ምክንያት ከእግዚአብሔር ቤት የተጣላችሁ አይምሰላችሁ። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በብርቱ ነፋስ፣ በምድር መናወጥና በእሳት ውስጥ አልተገለጠለትም፤ ከእነዚህ በኋላ በመጣው ቀጭን የጸጥታ ድምፅ ተናገረው። ከበሮውን መስማት ባትችሉ በዛፉ ሥር ቁሙ፤ እርሱ በዚያ አለ። የቤተ ሰቦቻችሁን ድምፅ መሸከም ባቃታችሁ ጊዜም በቍጣ ፈንታ ሕመማችሁን በቃል ንገሯቸው፤ ያልተነገረ ሕመም ጥላቻ መስሎ ይታያልና። ቤተ ሰቦችም ሆይ፤ «ሆን ብሎ ነው» አትበሉ፤ ልጆቻችሁም ዝም በማለት ብቻ ሳይሆን በመረዳት እንዲያድጉ አስተምሯቸው።

ካህናት አባቶቼና ወንድሞቼ፤ ለእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ አንድ ምእመን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይቆርብ ኖሯል፤ በዚያ መካከል ዕረፍቱ ቢሆን ኖሮ ነፍሱን ከእጄ ይፈልጋት የነበረው እግዚአብሔር ነው። ጆሮን የተከለ እርሱ የሕሙማኑን ልቅሶ ይስማ፤ የእኛንም ጆሮ ለወንድማችን ሕመም ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።